ለቢዝነስ ፈተና በግሩፕ ማጥናት፦ ከሰው መረጣ እስከ ፈተናው ማግስት

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለኮስት አካውንቲንግ (የወጪ ሒሳብ) ሚድ፣ ማለትም ለሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ ዘጠኝ ሆነን አጠናን። ባዶ ክፍል አገኘን፣ ጠመኔ ይዘን ገባን። የክፍሉ ሰቃይ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደረበ ሠራ። እኛ ስምንታችን እየገለበጥን «ገባኝ፣ ገባኝ» አልን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደስ ብሎን ወደ ዶርም ተመለስን። በማግስቱ የፈተናው ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ጥያቄው ማታ ካየሁት ጋር አንድ ነው፣ የተቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ልጁ ጥሩ ውጤት አመጣ። ያን ማታ ያጠናው እሱ ብቻ ነበር። እኛ እሱ ሲያጠና አይተናል።

ከዚያ በኋላ እስክመረቅ ድረስ በግሩፕ አጥንቻለሁ፤ ግን በሌላ መንገድ። የግሩፕ ጥናት የሚጠቅመው አፉን ከፍቶ ለሚናገርና ፊት ለፊት ለሚሳሳት ሰው ነው። የሚቀጥሉት ነገሮች በሙሉ ሁሉም ሰው እንዲናገር፣ ሁሉም ሰው እንዲሳሳት ለማድረግ ናቸው። ምሳሌዎቼ ከአካውንቲንግና ፋይናንስ ናቸው፤ ማኔጅመንትም ማርኬቲንግም ለምትማሩ ብዙው ይሠራል።

1. ሰው መምረጥ

ከሦስት እስከ አምስት ሁኑ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ባመመው ቀን ግሩፕ የለም። ከስድስት ካለፋችሁ ጥግ ይዞ የሚያዳምጥ ሰው አይጠፋም። እኔ አራት ይመቸኛል፣ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ሁለት ሆኖ ሠርቶ ማወዳደር ይቻላል።

አብሮ ምሳ የሚበላ ሁሉ አብሮ አያጠናም። ይህ ቅያሜ ያመጣል፣ አውቃለሁ። ግን አራታችሁም ቁጥር ላይ ጎበዝ፣ ኦዲቲንግ ላይ ደካማ ከሆናችሁ ማን ማንን ያስረዳል? አንዱ ፋይናንሻል አካውንቲንግ የሚወድ፣ አንዷ ኮስት ላይ የምትበረታ፣ አንዱ ቲዎሪ ሲያወራ የሚያምርበት ቢሆን ይመረጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ «ከዚህ ኮርስ ምን ግሬድ ነው የምትፈልገው?» ኤ የሚፈልግና ማለፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው አብረው መቀመጥ ይችላሉ፣ ግን ፍጥነታቸው አንድ አይደለም። ቀድሞ ከታወቀ ማንም ማንንም አያስቀይምም።

2. የመጀመሪያው ቀን ጥናት የለም

የመጀመሪያውን ስብሰባ ለእቅድ ስጡት። አርባ ደቂቃ ይበቃል። ኮርስ አውትላይኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። ከየምዕራፉ አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉ፦ መምህሩ ስንት ክፍለ ጊዜ ፈጀበት፣ ከእናንተ መካከል ስንት ሰው ከብዶታል። ብዙ ጊዜ የፈጀና ብዙ ሰው የከበደው ምዕራፍ መጀመሪያ ይገባል። ከዚያ ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ለሙከራ ፈተና ተዉ፣ አዲስ ምዕራፍ አታስገቡባቸው።

እያንዳንዱ ምዕራፍ ባለቤት ይኑረው። ባለቤት ማለት ለሌላው የሚያነብ ማለት አይደለም። ሁሉም ሰው ሁሉንም ያነባል። ባለቤቱ ጥያቄ ያዘጋጃል፣ የትኛው መጽሐፍ ላይ ጥሩ መልመጃ እንዳለ ያውቃል፣ ሰው ሲጠፋበት ይመልሳል።

ለመውጫ ፈተና ስትዘጋጁ ይህ ክፍፍል ግዴታ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይፈተነዋል፣ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ከፈንዳሜንታል (ከመጀመሪያው የአካውንቲንግ ኮርስ) እስከ ኦዲቲንግ (የሒሳብ ምርመራ) ድረስ በዓመታት የተማራችሁት በአንድ ቀን ይመጣል። አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ሃንድአውት ሲያይ ልቡ ይደክማል። አራት ሰው ኮርሶቹን ተከፋፍሎ በሳምንት ሁለት ሁለት ቢያነሳ ግን ይጨረሳል። ለትምህርት ክፍላችሁ የተለየውን የፈተና ብሉፕሪንት (ከየትኛው ኮርስ ምን እንደሚመጣ የሚያሳየውን ሰነድ) ያዙና ክፍፍሉን በእሱ አድርጉ። የማይመጣ ኮርስ ላይ ሳምንት ማቃጠል ያሳዝናል።

3. ሳያነቡ አይመጣም

ይህን ደረጃ የዘለለ ግሩፕ ወሬ ነው የሚሆነው። ግሩፕ ላይ ምዕራፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገልጥ ሰው የሌሎቹንም ሰዓት ይበላል።

እኛ የመግቢያ ትኬት የምንለው ነገር ነበረን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ብቻውን የሠራው አንድ ጥያቄ አለ፣ ከነመንገዱ። ከሥሩ ደግሞ የተጣበቀበት አንድ ጥያቄ። «ምዕራፍ አራት አልገባኝም» አይባልም። «የተመለሰ ዕቃ ሲኖር ክሬዲት የማደርገው የቱን እንደሆነ አልገባኝም» ይባላል። እንዲህ ጠርቶ ሲጻፍ አንዳንዴ ገና ሲጽፉት ይገባል።

ትኬት ያልያዘ ሰው ምን ይሁን? አንባርረውም ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ደቂቃ ያነብና ይቀላቀለናል። ሁለት ጊዜ ከደገመው በግል እናነጋግረዋለን።

4. ሁለቱ ሰዓት እንዴት ይለፍ

ከሁለት ሰዓት በላይ አትቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ ጨዋታ ይመጣል።

በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ደብተር ይዘጋል። እያንዳንዱ ሰው ምዕራፉን ሦስት ደቂቃ በራሱ ቃል ይናገራል። ሌላው አያቋርጥም፣ የተሳሳተውን ግን ይጽፋል። ቀላል ይመስላል፣ ግን ማን እንዳነበበ ወዲያው ይለያል። ቆሎ ተማሪ ቤትም ቀደም ያለው ልጅ ከኋላው ላለው ያስቆጥራል፤ ሲያስቆጥር ለራሱም ይጠነክርለታል።

ቀጥሎ ያለው አንድ ሰዓት የጥያቄ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ጥያቄ ተሠርቶ አያልቅም፣ አንድ ነገር ተለውጦበት እንደገና ይጠየቃል። ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ።

አንዷ የባቻችን ልጅ የዳቦ ቤት ጥያቄ ይዛ መጣች። የወሩ ቋሚ ወጪ 60,000 ብር ነው። ዳቦው በ15 ብር ይሸጣል፣ ለዱቄት፣ ለእርሾና ለማገዶ 9 ብር ይወጣበታል። ብሬክ ኢቨኑ፣ ማለትም ሳይከስር ሳያተርፍ እንዲወጣ መሸጥ ያለበት፣ ስንት ዳቦ ነው? ሁላችንም ወዲያው ሠራነው። ከ15 ላይ 9 ሲነሳ 6 ብር ይቀራል። 60,000 ለ6 ሲካፈል 10,000 ዳቦ። ደብተር ልንገለብጥ ስንል አስቆመችን።

«አከራዩ ኪራይ ጨመረ እንበል። ቋሚ ወጪው 72,000 ገባ። አሁንስ?»

«12,000 ዳቦ።»

«እሺ፣ ኪራዩ ወደ ድሮው ይመለስ። ዱቄት ተወደደና የአንዱ ዳቦ ወጪ 10 ብር ሆነ።»

60,000 ለ5። እሱም 12,000።

«ታዲያ ለባለቤቱ የትኛው ይሻለዋል?»

አንዱ «ያው ነዋ፣ ሁለቱም 12,000 አይደል?» አለ። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። «15,000 ዳቦ ቢሸጥስ?» አለችን። ሠራነው። ኪራይ በጨመረበት 18,000 ብር ያተርፋል፣ ዱቄት በተወደደበት 15,000 ብር ብቻ። ከዚያ ገበያው ቀዝቅዞ 10,000 ብቻ ሸጠ ብለን ገለበጥነው። አሁን ኪራይ የጨመረበት 12,000 ብር ይከስራል፣ ዱቄት የተወደደበት 10,000። ብሬክ ኢቨናቸው አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን የተለያየ። ቋሚ ወጪ የከበደበት ንግድ ገበያ ሲደራ ብዙ ያተርፋል፣ ሲቀዘቅዝ ብዙ ይጎዳል። ይህን መጽሐፉ ላይ ከአንድም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። የገባኝም ጓደኛዬ ሲሳሳት እኔም አብሬው ተሳስቼ ስለነበር ነው።

በቀረው ጊዜ የስህተት ደብተር ይሞላል። አንድ ደብተር ለግሩፑ በሙሉ። በዕለቱ የተሳሳትነው፣ ለምን እንደተሳሳትን፣ ትክክሉ። ትክክል የሠራነው አይጻፍበትም።

5. ኮርሱ ሲለይ አጠናኑም ይለያል

ፋይናንሻል አካውንቲንግ ላይ በዝምታ ጀምሩ። ሁሉም ያንኑ ጥያቄ ለብቻው አሥራ አምስት ደቂቃ ይሥራ። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጉ። መልሱ ከተለያየ ወደ መልስ መስጫው አትሩጡ። ከላይ ጀምራችሁ መስመር በመስመር ውረዱና የመጀመሪያዋን የተለያያችሁባትን መስመር ፈልጉ። ክርክሩ እዚያ ነው። ትራያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር) አልገጥም ሲል ደግሞ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አንድ ቁጥር ተገላብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ 540 የነበረው 450 ሲሆን ልዩነቱ 90 ነው። ካልሆነ ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉና ያን ቁጥር ፈልጉ። ዴቢት (ግራ) የሚገባው ክሬዲት (ቀኝ) ገብቶ ታገኙት ይሆናል።

ፋይናንስ ላይ ሰው የሚወድቀው ዲስካውንት ሲያደርግ (የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመልስ) አይደለም። የሚወድቀው የትኛው ገንዘብ በየትኛው ዓመት እንደሚገባ ሲዘረዝር ነው። ስለዚህ ሥራውን ክፈሉት። አንዱ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ መስመር አስምሮ ዓመቶቹን ያስቀምጣል፣ ሌላው «ይህ በእርግጥ የወጣ ገንዘብ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ለምሳሌ 100,000 ብር እርጅና (ዕቃው በማርጀቱ እንደ ወጪ የሚመዘገብ) ከኪስ የወጣ ገንዘብ አይደለም። ግን የድርጅቱ የትርፍ ግብር 30 ከመቶ ስለሆነ 30,000 ብር ግብር ያስቀራል። ይህን «ከኪስ አልወጣም፣ ግን ግብር ያስቀራል» የሚለውን አራቱም ሰው በአፉ ሳይለው አትለፉ።

የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ግልጽ ላልሆነለት ሰው ዕቁብ አንሱለት። አሥር ሰው በወር 5,000 ብር ይጥላል፣ ዕጣው 50,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰውና በአሥረኛው ወር የደረሰው ያወጡት ብር እኩል ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ቀድሞ እንዲደርሰው ይፈልጋል? ይህን የመለሰ ሰው ምዕራፉ ገብቶታል፣ የቀረው ቀመር ነው።

ኦዲቲንግና ማኔጅመንት ላይ መሸምደድ ያታልላል። ትርጓሜውን ቃል በቃል የሚያውቅ ሰው ምሳሌ ሲመጣበት ይደነግጣል። እዚህ ሕጋችን «ከሰፈርህ ምሳሌ አምጣ» ነበር። የሥራ ክፍፍል እንደ ቁጥጥር የሚለው ሲመጣ ሁሌም ዕድር እናነሳለን። ገንዘብ ያዡ ብሩን ይይዛል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ቢሆኑ ምን ሊፈጠር ይችላል? ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ የሚዘረዝራቸው ነጥቦች ራሳቸው ይመጣሉ።

6. የድሮ ፈተና ስትጠቀሙ

ከሲኒየር የሚወረስ ወረቀት ወርቅ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ቴሌግራሙም ሞልቶታል። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ እርሳስ የተጻፈበትን መልስ አትመኑ። ማን እንደሠራው አይታወቅም። ጥያቄውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጡትና እንደ አዲስ ሥሩት።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ሊቀየር ይችላል። ፔሮል (የደመወዝ ስሌት) ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት 12,000 ብር ደመወዝ ላይ ግብሩ 35 ከመቶ ተባዝቶ 1,500 ይቀነስለት ነበር፣ 2,700 ብር ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሰንጠረዥ ግን ያው 12,000 ብር በ30 ከመቶ ይገባል፣ 1,350 ይቀነስለታል፣ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። በድሮው የተሠራ ወረቀት ይዞ የሚያጠና ሰው መንገዱን በትክክል እያወቀ መልሱን ይስታል። ስለዚህ መምህሩን በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚፈትን ጠይቁት። አንዳንዱ ሰንጠረዡን ወረቀቱ ላይ ያትመዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ ጥያቄ ላይ ሠራተኛው የሚከፍለው 7 ከመቶ ጡረታ ይመጣል። ብዙ ልጆች ጡረታውን አስቀድመው ቀንሰው በቀረው ላይ ግብር ያሰላሉ። ስህተት ነው። ግብሩ ጡረታው ሳይቀነስ ይሰላል። በ12,000 ብሩ ላይ ጡረታው 840፣ ግብሩ 2,250፣ እጅ የሚገባው 8,910 ብር። የስህተት ደብተራችን ላይ ይህ አራት ጊዜ ተጽፎ ነበር።

7. ራሳችሁን ፈትኑ

በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ቢያንስ ሁለት ሙከራ ፈተና ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ምዕራፍ ጥያቄ ያወጣል፣ ተቀላቅሎ አንድ ወረቀት ይሆናል። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ሰዓት ይያዛል። ካልኩሌተራችሁ ለፈተና የሚፈቀደው ይሁን። በስልክ ካልኩሌተር ሲለማመድ የከረመ ሰው በፈተናው ቀን ቁልፎቹን ሲፈልግ ደቂቃ ያልቅበታል።

ምርጫ ጥያቄ ከሆነ ትክክለኛውን ማክበብ አይበቃም። የቀሩት ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ተናገሩ። ፈታኝ የተሳሳተ ምርጫ ሲያዘጋጅ ተማሪ የሚሳሳትበትን አስቦ ነው። ከላይ ያለው የፔሮል ጥያቄ ቢመጣ ጡረታን ቀድሞ የቀነሰ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ መሆኑ አይቀርም።

የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ከስክሪን እያነበቡ ወረቀት ላይ ማስላት ልመዱ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ያምጣ፣ አራታችሁም ተራ በተራ ሞክሩ። ረጅም ጥያቄ ከስክሪን ላይ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ያን ድካም በፈተናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትተዋወቁት።

8. ግሩፑን የሚያፈርሱ ነገሮች

ብዙ የሚያወራ ጎበዝ ልጅ ካለ ጠመኔውን ውሰዱበት። በክፋት አይደለም። የእሱ ሥራ መጠየቅ ይሁን፣ መሥራት የደካማው። እሱም ይጠቀማል፣ ምክንያቱም ጥሩ ጥያቄ ማውጣት ከመሥራት ይከብዳል።

ዝም የሚል ልጅ ካለ በሁሉም ፊት አትጎትቱት። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ስትሠሩ ይናገራል። አንድ ጓደኛችን አንድ ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማነውም ነበር። ለሁለት ስንከፈል ግን ኢንተርሚዲየት አካውንቲንጉን ከሁላችንም በላይ እንደሚያውቀው አየን።

ሴቶች ልጆች ያሉበት ግሩፕ ሰዓቱን አስቡበት። ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት በሌለው መንገድ ወደ ዶርም መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ቀን አድርጉት፣ ካልተቻለ ደግሞ ሸኟቸው። እሷ ልቧ መንገዱ ላይ ሆኖ የምታጠናው ምንም አይገባትም።

ኤክስቴንሽን ለምትማሩና ሥራ ውላችሁ ለምትመጡ በሳምንት አንድ ቅዳሜ በአካል፣ ሌላውን በቴሌግራም አድርጉት። የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይሻላል፣ ማስረዳቱ አይቀርማ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የጓደኛን ማብራሪያ መስማት ይቻላል። ፋይል መቀባበል ብቻ ከሆነ ግን አራት ሰው ሁለት መቶ ፒዲኤፍ ይሰበስባል፣ የሚከፍተው ግን አይኖርም።

9. ዋዜማና ማግስት

የፈተናው ዋዜማ ግሩፕ የለም። ብታደርጉም አንድ ሰዓት፣ የስህተት ደብተሩን ብቻ። አዲስ ጥያቄ ያመጣ ሰው ሁሉንም ያስደነግጣል፣ ድንጋጤ ደግሞ ይጋባል። ጠዋት በር ላይ ቆማችሁም አትጠያየቁ። «እንትንን አይተኸዋል?» የምትል አንዲት ቃል ሌሊቱን ያነበባችሁትን ታስረሳለች።

ከፈተናው ስትወጡ ሻይ ጠጡ፣ እረፉ። ግን በዚያው ቀን ማታ፣ ጥያቄዎቹ ከአእምሮ ሳይወጡ፣ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። የከበዱትን ጥያቄዎች በየምዕራፋቸው ደብተሩ ላይ ጻፉ። ፈንዳሜንታል ላይ የሳታችሁት ኢንተርሚዲየት ላይ ይመለሳል፣ ኢንተርሚዲየት ላይ የሳታችሁት አድቫንስድ ላይ። ለእረፍት ወደየቤታችሁ ከመበተናችሁ በፊት ደብተሩን ማን እንደሚይዝ ወስኑ፣ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት። የእኛ ደብተር አንዴ አውቶቡስ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ፎቶው ነው ያዳነን።